ከመጋረጃው ወዲህ የተቦካ ሂና

በዚያ ዓርብ ዶሃ፣ ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር፣ ሴቶቹ በጋራ በተከራዩት ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። ሉባባ ነበረች፤ ሙሽራዋ እሷ ናት። ሙዓይዘር ውስጥ አንድ ቤት ስትሠራ ኖራ ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ለኒካዋ ወደ ኮምቦልቻ ለመብረር ጥቂት ቀን ነበር የቀራት። ብርቱካን ነበረች፤ አል ቱማማ የምትሠራ የጎጃም ልጅ፣ የሉባባ የዓርብ ጓደኛ። ያን ቀን የሂና መሣያውን ኮን የያዘችው እሷ ናት። ሀያት ነበረች፤ እዚያው ቤት የምትኖር፣ ሞል ውስጥ የምትሠራ፣ ምላሷ የማያርፍ። እትዬ ዘሃራም ነበሩ፤ ግን ዘግይተው ነው የደረሱት፣ የሆነው ሁሉ የሆነውም እሳቸው እስኪደርሱ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኔም ሰዒድ ነበርኩ። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ የጫማ መደርደሪያው አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ነበርኩ ማለቴ ልክ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጡረታ የምወጣበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ ሠላሳን ገና ማለፌ ነው። የሂና ሥራዬ ግን አብቅቷል። አሁን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ቤት ተቀጥሬ የስቲከር ፊደል በማሽን እቆርጣለሁ። በጥፍሬ ዙሪያ የነበረው ብርቱካናማ ቀለም ቀስ እያለ ለቆ አልቋል። የድሮ ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች አንዳንዴ ወንድ ልጅ ሂና ቤት ምን ይሠራል ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ዶሃ ስመጣ የገባሁት ቅመም ቤት ነው። በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይ የተጻፈው ሹግል፣ ሥራዬ ማለት ነው፣ ጽዳት ነበር፤ የምሠራው ግን ጆንያ መሸከምና ዱቄት መንፋት ነው። ከጆንያዎቹ መካከል የሂና ዱቄት ነበረበት። ማንም አላስተማረኝም። አዲስ የመጣው አረንጓዴ ሆኖ እርጥብ ሣር እንደሚሸት፣ የከረመው ወደ ቡናማ አድልቶ አቧራ አቧራ እንደሚል ራሴ ለየሁት። ደቃቁን ከሻካራው ለመለየት በወንፊት ከነፋሁ በኋላ በስቶኪንግ ደግሜ እነፋው ነበር፤ አንዲት የቅጠል ጭረት ከቀረች የኮኑን ጫፍ ትደፍነዋለችና። አለቃዬ ይህን ሲያይ ቀኑን በከንቱ እያጠፋሁ ነው ይል ነበር።

እትዬ ዘሃራ እዚያ ዱቄት ሊገዙ ሲመጡ ነው ያዩኝ። የባቲ ሰው ናቸው። ብዙ ዘመን ሰው ቤት ሠርተው፣ በኋላ አል ቱማማ አንድ የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ሂና ሠሪ ሆነዋል። ከነፋሁት ላይ ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹትና ሄዱ። በሌላ ጊዜ ተመልሰው መጥተው ከእሳቸው ጋር መሥራት እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለሳሎኑ ባለቤት ለማዳምም ነገሩልኝ። ማዳምን በአካል ያየኋት ከስንት አንዴ ነው፤ ድምፅዋን ግን በስልክ በሚመጣው ትእዛዝ በደንብ አውቀዋለሁ።

ሴቶች ሳሎን ወንድ አይገባም። የእኔ ቦታ ከጀርባ ያለው መጋዘን ነበር፤ በሩ ወደ ኋላ መንገድ ይወጣል። መጋዘኑንና ሳሎኑን የሚያገናኝ መጋረጃ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት ነበር። በዚያ መስኮት ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣልኛል፣ በዚያው መስኮት የተቦካ ሂናና የተጠቀለለ ኮን አሳልፋለሁ። ከመጋረጃው ስር የማየው የእትዬ ዘሃራን እጅ ብቻ ነው። ዓመታት የሠራሁት እንደዚህ ነው፤ ሂናዬ የሚያርፍበትን እጅ ሳላይ።

ሥራውን እወደው ነበር። ዱቄቱን በሎሚ ውሃ አቡክቶ፣ ስኳር ጨምሮ፣ ተሸፍኖ እንዲያርፍ መተው። ቀለሙ መልቀቁን ለማወቅ ትንሽ ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጎ መጥረግ፤ ብርቱካናማ ምልክት ከተወ ደርሷል። ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት። ከዚያ አበባ የሚጠቀለልበትን ስስ ፕላስቲክ ቆርጦ ኮን መጠቅለል፤ ጫፉ መርፌ ብቻ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። የሂናው ውፍረት ልክ ሲሆን ከኮኑ የሚወጣው ክር ሳይቆረጥ ይንጠለጠላል። ያ ክር ሳይቆረጥ ሲወርድ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ሥዕሉንም ራሴ ተማርኩት፤ መጀመሪያ መስታወት ላይ፣ ቀጥሎ ግራ ባቴ ላይ። እጄ ላይ እንዳልሥል ሰው ያየዋል፤ ባት ግን ሱሪ ይሸፍነዋል። አንድ ቀን ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ሱሪዬን ጠቅለል ሳደርግ የክፍል ጓደኞቼ አዩት። ከዚያ ወዲያ ስሜ ሙሽሪት ሆነ። ማታ ስገባ እልል የሚል አይጠፋም፤ ባልሽ ዛሬም ቀረ ወይ የሚለኝም ነበር። አባቴ ደውሎ ሹግል እንዴት ነው ሲለኝ ቅመም ቤት እንዳለሁ ነበር የምነግረው። በሥራዬ እንዲህ አፍሬ ኖርኩ። አሁን ሳስበው ያን ሁሉ ኀፍረት ያባከንኩት በማይታፈርበት ነገር ላይ ነው፤ የሚታፈርበት ሲመጣ ምን እንደሚመስል አላወቅሁም ነበር።

ስለ እትዬ ዘሃራ ልማድ ልጻፍ። ቀለበታቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። አዲስ ሂና ሲደርሳቸው መጀመሪያ የገዛ አንጓቸው ላይ ነጥብ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ደንበኛ ብትቸኩልም ይጠብቃሉ። ቀለሙን በአንድ ጊዜ የሚያጠቁረውን የጸጉር ማቅለሚያ ዱቄት በደጃፋቸው አያሳልፉም፤ ማዳም ደንበኞች ይፈልጉታል ስትል፣ እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ ብለዋታል። ለእያንዳንዷ ሴት ደግሞ ሥራ ሳይጀምሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ለዐረቧም በዐረብኛ፣ ለእኛዋም በአማርኛ።

«ዛሬ በምን አጠብሽ?»

ይህን ጥያቄ በመስኮቱ በኩል በየቀኑ እሰማው ነበር። ደንበኛዋን ለማጫወት የሚጠየቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ከጥያቄው በኋላ ሳህኑ ወደ እኔ ይመለሳል፤ ሎሚም ዘይትም የሌለው፣ በውሃና በስኳር ብቻ የተቦካ ስጠኝ ይሉኛል። ልኬን ስለሚያበላሽብኝ ቅር እያለኝ አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«እጇን ብታየው አትጠይቀኝም ነበር» አሉኝ።

እኔ ይህን ወንድ ነህና እዚያ ሁን እንደማለት ወሰድኩት። አፈርኩና ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ዓርብ ሲወጡ ሂና ያምራቸዋል፤ የሳሎን ዋጋ ግን አይቻላቸውም። እትዬ ዘሃራ ለጀማሪ የሚሆን፣ ቤት ውስጥ እርስ በርስ የሚሠሩት ቀላል ነገር ሣልላቸው አሉኝ። ብዙ ደከምኩበት። አንድ ካርድ ላይ አምስት ሥዕል አደረግሁ። የመጀመሪያው ነጥብ ብቻ ነው፤ በመዳፍ መሀል አንድ ትልቅ ክብ ነጥብ፣ በዙሪያው ትንንሽ ነጥቦች፣ የጣቶች ጫፍ ቆብ እንዳጠለቀ ሙሉ በሙሉ የተቀባ። ነጥብ መሥራት የቻለች ሴት ግማሹን ሥራ ችላለች፤ መጫን፣ ማቆም፣ ማንሣት፣ ይኸው ነው። ሁለተኛው ቅጠል ነው፤ ነጥብ አድርጎ ሳያነሡ ጅራቱን ሳብ ማድረግ። ሦስተኛው ቅጠሎቹን በአንድ ጠማማ መስመር ላይ ግራና ቀኝ ማሰለፍ፤ ያ ሐረግ ይሆናል፤ ከአንጓ ተነሥቶ በእጅ ጀርባ አግድም ወደ አመልካች ጣት ይሄዳል። አራተኛው ግማሽ ጨረቃ፣ አምስተኛው የእነዚህ ሁሉ ድምር ለሙሽራ። ኮኑ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ከላይ እንጂ ከመሀል እንደማይጨመቅ፣ ሲደርቅ በስኳርና በሎሚ ውሃ እንደሚረጥብ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ከታች አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ንጹሕ ሂና ማንንም አይጎዳም።

ካርዱ በስልክ ፎቶ እየተነሣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የማላውቃቸው ሴቶች እጃቸው ላይ የእኔን ሐረግ ይዘው አውቶቡስ ውስጥ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ሉባባ ያንን አምስተኛውን ሥዕል ነው የፈለገችው። በሳሎን ዋጋ አይደለም፣ በጓደኞቿ እጅ፣ በመጨረሻው ዓርቧ። እትዬ ዘሃራ ራሴ እመጣለሁ ብለው ነበር፤ ዓርብ ግን ሳሎን ሰው ይበዛልና ማዳም አልለቀቀቻቸውም። ጀምሩ፣ ካርዱ አላችሁ፣ ሰዒድም አለ ብለው ደወሉ። እኔ ሂናውን አቡክቼ አመጣሁ። የሙሽራ ሂና ፈዝዞ ከወጣ ወሬ አለው፤ አገር ቤት አማት፣ አክስት፣ ጎረቤት እጇን ገልብጦ ያያል። ስለዚህ ሎሚውን አበረታሁ፣ የቅርንፉዱን ዘይት ከወትሮው አብልጬ ጨመርኩ። የበሰለ ቴምር መልክ እንዲኖረው ነበር የፈለግሁት። ስጦታዬ መሆኑ ነው።

እነሱ ክፍል ውስጥ ሆነው እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ለጥያቄያቸው እየመለስኩ ተጀመረ። ብርቱካን ኮን ይዛ አታውቅም፤ ክሩ እየተቆረጠባት ተቸገረች። ጫፉን ቆዳው ላይ አታስነኪው፣ ከፍ አድርገሽ ክሩ በራሱ ይውደቅ አልኳት። ሀያት የመጋረጃው ሼህ ተናገሩ፣ ጸጥ በሉ አለች። ብርቱካን በእመቤቴ አታስቂኝ፣ ቅጠሉ አህያ ጆሮ ይሆንብኛል አለች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። የጣት ጫፎቹ ተሞሉ፣ የመዳፉ ክብ ተሠራ፣ ሐረጉ ተጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጋብ አለ። ብርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ሰዒድ፣ ያቃጥለኛል ትላለች።»

«ዘይቱ ነው፣ ያሞቃል» አልኩ። «ቀለሙ እየገባ ነው ማለት ነው። ትታገሥ።»

«ሰማሽ? ያላ፣ ሙሽራ ካልታገሠች ማን ሊታገሥ ነው» አለች ሀያት።

ከዚያ አንድ አጭር ድምፅ ሰማሁ። ሉባባ የሳቀች መሰለኝ። ብርቱካን ሥራዋን ቀጠለች። ከደረቀ በኋላ በስኳርና በሎሚው አረጠቡት፣ ሙቀት እንዲይዝ በፕላስቲክ ጠቀለሉት። ሁሉንም እኔ ነኝ ከኮሪደሩ እየነገርኩ ያስደረግሁት፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ካርዱ።

እትዬ ዘሃራ ከዐስር ሶላት በኋላ ደረሱ። ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፣ ዳቦ ይዘው ነበር። ገብተው ብዙም አልቆዩም። ፕላስቲኩ ሲፈታ ሰማሁ። ቀጥሎ ሀያት፦ እትዬ፣ ምን እያሸተቱ ነው? ስትል ሰማሁ። እሳቸው ግን ሉባባን ጠየቁ።

«ሉባባ፣ ዛሬ በምን አጠብሽ?»

ሉባባ ቀስ ብላ መለሰች። ማዳሟ አገር ከመግባትሽ በፊት ቤቱን አጽድተሽ ጨርሺ ብላት ሳምንቱን ሁሉ መታጠቢያ ቤቶቹንና የግቢውን ወለል በበረኪና ስትፈትግ ነው የሰነበተችው። ጓንቱ ተቀድዶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋትም ከመውጣቷ በፊት በባዶ እጇ ሠርታለች። ከዚያ በኋላ የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ብዙ ውሃ።

እትዬ ዘሃራ እጃቸው እንደረጠበ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ዘይቱን ምን ያህል አደረግህ?» አሉኝ።

ልኩን ነገርኳቸው። ልክ ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

«ለማን እጅ?»

«ለሙሽራ እጅ» አልኩ።

«ለሙሽራ አላልኩህም። ለማን እጅ ነው ያልኩህ።»

ከሉባባ ጋር በዓርብ ስንት ጊዜ ሰላም ተባብለናል። እጇን ግን ዓይቼው አላውቅም። ማየት ነውር ነው ብዬ ብቻ አይደለም፤ የሚታይ ነገር አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሉባባ ራሷ መጋረጃውን ገለጠች። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሰብስባ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋቻቸው። አየሁ። መዳፏ ቀልቶ አብጧል፤ በጣቶቿ መካከል ቆዳው ተልጧል። በበረኪና የተሰነጣጠቁት መስመሮች ውስጥ ሎሚውና ዘይቱ ገብቶ አቁስሏቸዋል። በእጇ ጀርባ ላይ ከአንጓ እስከ አመልካች ጣት የእኔ ሐረግ ቀልቶ ተነሥቶ ነበር፤ ቅጠል በቅጠል፣ ጅራቱ ሳይቀር፣ አንዳንዱ ቅጠል ውሃ ቋጥሮ። ብርቱካን ካርዱን በደንብ ተከትላለች። ሥዕሉ ላይ ስህተት አልነበረም።

ዓይኔን ወደ ጫማ መደርደሪያው መለስኩ። ሉባባ እጇን አልሰበሰበችም።

«አብሽር ሰዒዶ» አለችኝ። «መጀመሪያም እንደነካኝ ነው ያቃጠለኝ። እንዲህ ነው መሰለኝ። ታገሽ አላችሁኝ፣ ታገሥኩ።»

ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ነው። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ አልወጣም። ተነሣሁና ጫማዬን አደረግሁ፤ ሕክምና ቤት ሊወስዷት ሲዘጋጁ ታክሲ ልፈልግ ብዬ ወረድኩ። ታክሲ አግኝቼ አመጣሁ፣ አብሬያቸው ግን አልሄድኩም። ሴቶቹ እንዳይጨናነቁ ብዬ ነው አልኩ። ያ ምክንያት አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወንድ አይገባም የሚለው ደንብ ይከለክለኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ተደበቅሁበት።

ቅባት ተሰጣት፣ እጇ በጨርቅ ተጠቀለለ። ሥጋቷ ማዳሟ የሚተላለፍ በሽታ ነው ብላ ጉዞውን እንዳታስቀርባት ነበር። እትዬ ዘሃራ አብረዋት ሙዓይዘር ድረስ ሄደው የሂና ቃጠሎ መሆኑን ለማዳሟ ነገሯት። ሉባባ በቀኗ በረረች፤ ነጭ ጓንት አጥልቃ። በቅጠሎቹ ቦታ ቆዳዋ እየተላጠ ነበር አሉ።

እኔ በማግስቱ ቅዳሜ ሥራ ገባሁ። በመስኮቱ በኩል «ዛሬ በምን አጠብሽ?» የሚለውን ስሰማ እጄ ሳህኑ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቅ የማላቦካ ሆንኩ፤ በመስኮቱ መልሼ ቆዳዋ እንዴት ነው፣ ቁስል አላት ወይ እላለሁ። እትዬ ዘሃራ በዝግታ ይመልሱልኛል። ደንበኛ ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ማዳም አፋጥኑ እያለች ትደውላለች። እስከ ዒድ ቆየሁና ለቀቅሁ። ስሰናበታቸው እትዬ ዘሃራ፦ መስኮቱ ጋ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ፣ እጅ እንዴት እንደሚታይ ልነግርህ ይገባኝ ነበር አሉኝ። እሳቸው ጥፋት እንዲካፈሉኝ አልፈልግም። ነግረውኛል፤ በየቀኑ እሰማቸው ነበር።

ካርዱን እንደገና ሠርቼዋለሁ። አሁን የሚጀምረው በሳህኑ አይደለም። እጇን ያዥ፣ መዳፏን በአውራ ጣትሽ ዳስሺ፣ አሽቺ፣ በምን እንዳጠበች ጠይቂ ይላል። በረኪና ከነካች፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከቆሰለ እስኪድን ተዪው። ሲድንም በውሃና በስኳር ብቻ አቡክተሽ መጀመሪያ አንድ ነጥብ ክንዷ ላይ አድርገሽ ጠብቂ። ያቃጥለኛል ካለች ያኔውኑ እጠቢው፤ ታገሺ አትበያት። ነጥብና ቅጠሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አሮጌው ካርድ ግን አሁንም በስልክ ይዞራል። ከታች ማንንም አይጎዳም የሚል የተጻፈበት ስልካችሁ ላይ ካለ እባካችሁ አጥፉት።

የጻፍኩት ከመጋረጃው ወዲህ የሰማሁትን ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የሆነውን አላውቅም፤ የምታውቁት ውስጥ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ብርቱካን፣ ያቃጥለኛል ያለችሽ ስንት ጣት ከሠራሽ በኋላ ነው? ለእኔ ከመንገርሽ በፊትስ ብላሽ ነበር? ሀያት፣ እኔ ትታገሥ ካልኩ በኋላ የሰማሁት ድምፅ ሳቅ ነበር? ፊቷን ታዩ ነበርና ንገሩኝ። እንዳላዝን ብላችሁ አታሳምሩልኝ። እትዬ ዘሃራ፣ በታክሲው ውስጥ ስለ እኔ የተባለ ነገር ካለ እሱንም።

የሰርጉን ፎቶ ሀያት አሳይታኛለች። ሉባባ አምራለች፤ እግሯ በእንሶስላ ቀልቷል፣ እናቷ ናቸው አሉ የቀቡላት። እጆቿ ግን በነጠላዋ ስር ናቸው፤ በሁሉም ፎቶ ላይ። ከሰርጉ ላይ የተነሣ፣ እጇ የሚታይበት ፎቶ ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ።